ደህናውን እጅ ማሰር፦ የአንድ ሕክምና ታሪክ

ስትሮክ አንድ ጎኑን ያሰነፈበት ሰው ደህናውን እጁን ታስሮ በደከመው ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገው ሕክምና ሥሩ የጦጣ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 እንግሊዛውያኑ ሞትና ሸሪንግተን ከጦጣ ክንድ ስሜት የሚያደርሱትን ነርቮች ከአከርካሪው ሥር ቆረጡ። የእንቅስቃሴ ነርቮቹ ባይነኩም እንስሳው በክንዱ መጠቀም ተወ። ስለዚህ ስሜት ከሌለ እንቅስቃሴ የለም ተባለ፤ ይህም ለአሥርት ዓመታት ጸና። በ1917 አሜሪካውያኑ ኦግደንና ፍራንዝ አንድ ጎናቸው ሽባ የሆኑ ጦጣዎችን ደህና እጅ አስረው በታመመው ሲያሠሯቸው እጁ አገገመ። የሚያስገርመው፣ ይህን ለሕሙማን ያዋለ ለረጅም ጊዜ አልተገኘም።

ነገሩን ያነሣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ታውብ ነው። ስሜቱ የተቆረጠበት ጦጣ ደህና ክንዱ ሲታሰር በሌላው መሥራት እንደሚችል አሳየ። እንደ ታውብ አባባል፣ እንስሳው ጉዳት በደረሰበት ሰሞን ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር መሞከሩን ይተዋል፤ ሥራውንም ሁሉ ደህናው እጅ ስለሚሸፍንለት፣ የነርቭ ሥርዓቱ ካገገመ በኋላ እንኳ ክንዱ እንደሚታዘዝለት አያውቅም።

ምርምሩ በ1981 ተቋረጠ። ፖሊስ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው የታውብ ቤተ ሙከራ 17 ጦጣዎችን ወሰደ፤ ታውብም በእንስሳት ላይ በመጨከን ተከሶ ተፈረደበት። በ1983 ፍርዱ ተሻረ፤ የተሻረው ግን የግዛቱ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ በሚካሄድ ምርምር ላይ አይሠራም ተብሎ እንጂ የአያያዙ ነገር ተስተባብሎ አይደለም።

ታውብ በ1986 ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ፣ በርሚንግሃም ሄደ። በ1993 ባወጣው ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከዓመት በላይ የሆናቸው ሕሙማን፣ ከዚህ ወዲያ አይሻላቸውም የሚባሉት፣ ደህና እጃቸው በማንገቻ ለ14 ቀናት ታስሮ በ10ሩ የሥራ ቀናት በየቀኑ 6 ሰዓት ያህል ሲለማመዱ እጃቸው ተሻሻለ። ጥናቱ አነስተኛ ስለነበር ብዙዎች ተጠራጠሩ። በ2006 ስቲቨን ዎልፍ የመሩት፣ 222 ሕሙማን የተሳተፉበት ሰፊ ጥናት ግን ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት ማሳየቱን፣ ጥቅሙም ዓመት መዝለቁን አረጋገጠ።

ይሁን እንጂ ሕክምናው ለሁሉም አይሆንም። አንጓውንና ጣቶቹን በጥቂቱም ቢሆን ቀና ማድረግ ለማይችል ሰው ደህናውን እጅ ማሰር ከእንግልት በቀር አይጠቅመውም። በቀን 6 ሰዓት የሚለማመድ ሕመምተኛና አብሮት የሚቆይ ባለሙያ ማግኘትም ከባድ ስለሆነ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ያጠረው ዓይነት ነው።