የአደንዛዥ ዕፅ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች
መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውርንና ሱስን በጋራ ለመግታት የተፈራረሟቸው ውሎች። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1909 በሻንጋይ 13 አገሮች ስለ ኦፒየም የመከሩበት ጉባኤ ነው። የተበታተኑትን ውሎች የጠቀለለው የ1961ዱ ስምምነት ሞርፊን ለሕሙማን እንዲደርስ፣ ከዚያ ውጪ እንዳይውል ያዛል፤ ክልከላው ከአቅርቦቱ የበለጠ ትኩረት ማግኘቱ ግን አይካድም። የ1988ቱ የቪየና ስምምነት ፊቱን ወደ ገንዘቡ አዞረ፦ የዕፅ ንግድ ትርፍን ሕጋዊ ማስመሰል በወንጀልነት ተደነገገ። ፖሊስም ዕፅ የተደበቀበትን ሻንጣ እያወቀ አሳልፎ፣ ተቀባዩ እጅ ሲገባ መያዝ ቻለ።

የጫት ነገር ግራ ያጋባል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ስለ ሥነ አእምሮ ዕፆች በተፈረመው የ1971ዱ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ቅጠሉ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ውሳኔው ለየአገሩ ተትቷል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ አወዳይ ገበያ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው የጫት ዙርባ፣ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በወንጀል ያስጠይቃል።