ፊርማ፣ የሚስጥር ቁጥርና የማስረዳት ሸክም

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2006 በብሪታንያ የንግድ ታሪክ ውስጥ ወሰን የሆነ ቀን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከዚያ ቀን ድረስ በባንክ ካርድ የሚገበያይ ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ቢረሳ ደረሰኙ ላይ ፈርሞ ዕቃውን ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አራቱን አኃዝ ያላስገባ ገዢ ካርዱ እንደማይሠራለት ሊጠብቅ ይገባዋል ተባለ። ባንኮቹ ለውጡን ያስተዋወቁት በደኅንነት ስም ነው፤ ፊርማን ማንም አስመስሎ ሊጽፈው ይችላል፣ ቁጥሩ ግን በባለቤቱ ልብ ውስጥ ያለ ነው አሉ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። የካርድን ታሪክ ከሥሩ የተከታተለ ሰው እንደሚያየው፣ ከፊርማ ወደ ሚስጥር ቁጥር መሸጋገሩ ሌባን የከለከለውን ያህል፣ ሌባው ያደረሰውን ጉዳት ማን ይሸከም ለሚለው ጥያቄ የነበረውን መልስ ለውጧል። የሁለተኛው ለውጥ ወሬ በማስታወቂያዎቹ ውስጥ አልነበረም።

ፊርማ በካርድ ዓለም ውስጥ መጀመሪያውኑ ብርቱ ዘበኛ አልነበረም። ዳይነርስ ክለብ በ1950 በኒውዮርክ ካርዱን ሲያወጣ ደንበኞቹ ጥቂትና የታወቁ ስለነበሩ ጉዳዩ አላሳሰበም። ሴፕቴምበር 1958 ላይ ግን ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ የፍሬዝኖ ከተማ ማንም ሳይጠይቀው ወደ 60,000 የሚጠጋ ካርድ በፖስታ ላከ። ካርዱ ሲላክ ያልተፈረመበት ነው። ከፖስታ ሣጥን የሰረቀው ሰው በጀርባው ላይ በገዛ እጁ ይፈርምበታል፤ ሱቅ ገብቶ ደረሰኙ ላይ ያንኑ ፊርማ ሲደግም ባለሱቁ አመሳክሮ ትክክል ነው ይላል። ባንኩ በጀመረው ሥራ ከባድ ኪሳራ ደረሰበት፤ ሌሎች ባንኮችም ካርድ በጅምላ መላኩን ተከተሉ። በመጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1970 ሁለት ነገር ደነገገ፤ ያልተጠየቀ ካርድ መላክ ተከለከለ፤ ካርዱ ተሰርቆ ያለፈቃዱ ለተሠራበት ሰውም የዕዳው ጣሪያ 50 ዶላር ሆነ። ይህ ሁለተኛው ድንጋጌ ከዚያ በኋላ ለተከተለው ታሪክ ሁሉ ቁልፍ ነው። ካርዱን ፈልስፎ፣ አትሞ፣ በየቤቱ የበተነው ባንክ አደጋውንም ይሸከም ማለት ነውና።

ታዲያ ፊርማ ሌባን ካላገደ ጥቅሙ ምን ነበር? ጥቅሙ የሚታየው ከስርቆቱ በኋላ፣ በክርክር ጊዜ ነው። በ1882 የወጣው የእንግሊዝ የሐዋላ ሰነዶች ሕግ በሐሰት የተፈረመ ፊርማ እንዳልተፈረመ ይቆጠራል ይላል። የቼክ ባለቤቱ «ይህ የእኔ እጅ አይደለም» ካለ፣ ባንኩ ፊርማው የደንበኛው መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ካልቻለ የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው። ወረቀቱ አለ፤ የእጅ ጽሑፍ መርማሪ ያየዋል፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት አንድ ማስረጃ ነው። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በቁጥር 1728 መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራው ውል ማድረግ ይችላል ካለ በኋላ፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ግን ምልክቱ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አይገደድበትም ይላል። አሻራው የእርሱ መሆኑ ብቻ አልበቃም፤ ምን ላይ እንዳሳረፈው ማወቁን የሚመሰክር ሦስተኛ ሰው ተፈለገ። ደካማው ወገን በማያየው ነገር እንዳይያዝ የታሰበበት ድንጋጌ ነው።

የሚስጥር ቁጥር የተወለደው ደግሞ ፊርማን የሚያይ ሰው በሌለበት ቦታ ነው። የስኮትላንዱ መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎው ካርድንና የሚስጥር ቁጥርን ያጣመረውን ፈጠራውን ሜይ 1966 ላይ ለፓተንት አቀረበ። በዓመቱ ጁን 27 ቀን 1967 ባርክሌይስ ባንክ በሰሜን ለንደን ኤንፊልድ የመጀመሪያውን የገንዘብ መክፈያ ማሽኑን ሥራ አስጀመረ፤ ይህኛው በጆን ሼፐርድ ባሮን የተመራ ሥራ ሲሆን በካርድ ፈንታ የሚቀበለው ልዩ ምልክት ያለበት ወረቀት ነበር። ሼፐርድ ባሮን እንደሚተርከው መጀመሪያ ያሰበው ስድስት አኃዝ ነበር፤ ባለቤቱ አራት ብቻ ነው የማስታውሰው ስትለው በአራት ጸና። ቁጥሩን በመንገድ ላይ እንዳይነጠቅ የሚመሰጥረውን ሣጥን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው በግብፅ ፖርት ሰዒድ የተወለደው መሐመድ አታላ ነው፤ በ1974 ቺፕ ያለበትን ካርድ በፈረንሳይ ያስመዘገበው ሮላን ሞሬኖም የተወለደው ካይሮ ነው። የዓለም ባንኮች የሚተማመኑባቸው ሁለት ትልልቅ ፈጠራዎች ከዓባይ ማዶ በተወለዱ ልጆች እጅ መሠራታቸው ከሚነገረው በላይ ሊነገር ይገባዋል።

ማሽኑ ግን ከፊርማ የሚለይበት አንድ ከባድ ጠባይ አለው፤ የሚተወው ማስረጃ በባንኩ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው። ደንበኛው «ይህን ገንዘብ እኔ አላወጣሁም» ሲል የሚያሳየው ወረቀት የለም፤ ባንኩ «ትክክለኛው ቁጥር ገብቷል» ሲል ደግሞ መዝገቡን የሚጠብቀውም የሚተረጉመውም እርሱ ራሱ ነው። ይህ ፈተና በሁለት አገሮች ሁለት የተለያየ መልስ አገኘ። በ1980 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከአንዲት ደንበኛ ሒሳብ 800 ዶላር በማሽን የወጣበትን ክርክር ሲሰማ፣ ገንዘቡን አላወጣሁም ያለችውን ሴት ከማሽኑ መዝገብ ይልቅ አመነ። በብሪታንያ ግን ባንኮች ሥርዓታችን አይሳሳትም ብለው ለዓመታት ጸኑ። በ1990ዎቹ አንድ የእንግሊዝ ፖሊስ ከሒሳቡ ያላወጣው ገንዘብ እንደተቀነሰ በማመልከቱ ራሱ በማጭበርበር ሙከራ ተከሶ ተፈረደበት። በ1996 በይግባኝ ነፃ የወጣው፣ የመከላከያው ባለሙያዎች ኮምፒዩተሩን እንዲመረምሩ ስላልተፈቀደላቸው የባንኩ ማስረጃ ተቀባይነት በማጣቱ ነው። የካምብሪጁ የኮምፒዩተር ደኅንነት ሊቅ ሮስ አንደርሰን በ1993 ባሳተመው ጥናቱ አብዛኛው ጉዳት ረቂቅ የምስጢር ኮድ በመስበር ሳይሆን በተራ የአሠራር ጉድለትና በውስጥ ሠራተኞች እጅ እንደሚደርስ አሳይቶ ነበር። ማሽኑ አይሳሳትም የሚለው እምነት በዚያን ጊዜም መሠረት አልነበረውም።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ብርቱ ተቃውሞ አለ። የሚስጥር ቁጥር በእርግጥ ስርቆትን ቀንሷል አይደለም ወይ? ቀንሷል። ፈረንሳይ በ1992 ማብቂያ የባንክ ካርዶቿን በሙሉ ቺፕና የሚስጥር ቁጥር ያላቸው ስታደርግ በአገር ውስጥ የሚፈጸመው የካርድ ማጭበርበር በግልጽ ወርዷል። በተሰረቀ ካርድ ሱቅ ገብቶ መግዛትም ያለ ቁጥሩ ከባድ ሆነ። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም፤ እኔም ወደ ፊርማ እንመለስ አልልም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ካርዱ ተባዝቶ እንዳይሠራ የሚከለክለው ቺፑ ነው፤ የተሰረቀው ካርድ በሌላ ሰው እጅ እንዳይሠራ የሚከለክለው ቁጥሩ ነው። ባንኮቹ ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልለው ሲያስተዋውቁ የቺፑ ጥቅም ለቁጥሩ ተቆጠረለት። ደግሞም ሌባው ሙያውን አልተወም፤ በር ቀየረ። በብሪታንያ የካርድ ማጭበርበር ኪሳራ በ2004 ወደ 505 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቀነሰ፤ በ2008 ግን ወደ 610 ሚሊዮን አሻቀበ። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ወደ 328 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ካርዱም የሚስጥር ቁጥሩም በማይጠየቅበት የስልክና የኢንተርኔት ግዢ የተፈጸመ ነበር።

ቁጥሩ ራሱም አይደፈርም የተባለውን ያህል አልነበረም። በ2010 አንደርሰንና ባልደረቦቹ በካርዱና በማሽኑ መካከል የሚገባ መሣሪያ ሠርተው፣ የትኛውንም አራት አኃዝ ቢያስገቡ ግዢው እንደሚፈጸም አሳዩ፤ ካርዱ በፊርማ የተገዛ ይመስለዋል፣ ማሽኑ ደግሞ ትክክለኛ ቁጥር የገባ ይመስለዋል። በደረሰኙ ላይ ግን የሚስጥር ቁጥሩ ተረጋግጧል ተብሎ ይታተማል። ባንኮቹ ይህ በቤተ ሙከራ እንጂ በገበያ የሚሆን አይደለም አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ በፈረንሳይ ወንጀለኞች ያንኑ ብልሃት በተሰረቁ ካርዶች ላይ ገጥመው ሲሠሩበት ተያዙ። እንግዲህ «ቁጥርህ ገብቷል፣ ስለዚህ ወይ አንተ ነህ ወይ ሚስጥርህን አባክነሃል» ተብሎ የተመለሰ ሰው ምን መልስ ነበረው? በሐሰት በተፈረመ ደረሰኝ ላይ ቢሆን ፊርማውን አሳይቶ ይከራከር ነበር። እዚህ ግን የሚያሳየው ነገር የለውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ባወጣው መመሪያ፣ ብሪታንያም በ2009 ባጸደቀችው ደንብ፣ የሚስጥር ቁጥር መግባቱን የሚያሳይ መዝገብ ብቻውን ደንበኛው መፍቀዱን ወይም በከባድ ቸልተኝነት ማጥፋቱን እንደማያስረዳ ተደነገገ። በፊርማ ዘመን የነበረው ጥበቃ ተመልሶ በጽሑፍ መምጣት አስፈለገው።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ሰው ጠባይ ነው። ጉዳቱን ሁልጊዜ ባንክ የሚከፍል ከሆነ ደንበኛው ቁጥሩን ካርዱ ጀርባ ላይ ይጽፋል፣ ለዘመድ ይሰጣል፣ ይዘናጋል ይባላል። አንዳንዱ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ አይካድም፤ በከባድ ቸልተኝነት የጠፋው በራሱ ላይ እንዲቆይ ሕጉም ይፈቅዳል። ነገር ግን የጥንቃቄ ግዴታ በአቅም ልክ መሆን አለበት። ደንበኛው የማሽኑን አሠራር ሊያስተካክል፣ የባንኩን ሠራተኛ ሊቆጣጠር፣ የካርዱን ቺፕ ሊመርጥ አይችልም። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው ወገን ኪሳራው ካልነካው የሚያስተካክልበት ምክንያት የለውም። የብሪታንያ ባንኮች ስህተታቸውን ለማየት ዘግይተዋል የምለው በዚህ የተነሣ ነው፤ ኪሳራው ወደ ደንበኛ ሲሄድ ስህተቱ አይታይም።

አሜሪካ ለምን እስከ 2018 ድረስ በፊርማ እንደቆየች የሚገባንም ከዚህ ጋር አያይዘን ስናየው ነው። በ2013 መገባደጃ ከታርጌት መደብሮች ወደ 40 ሚሊዮን የሚሆኑ ካርዶች መረጃ ተሰርቆ አገሩ ደነገጠ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ኦክቶበር 2014 ላይ የመንግሥት ካርዶች ቺፕና የሚስጥር ቁጥር እንዲኖራቸው አዘዙ። ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ደግሞ የካርድ ኩባንያዎቹ ቺፕ የማያነብ መደብር በሐሰተኛ ካርድ የሚደርሰውን ኪሳራ እንዲሸከም አደረጉ። አብዛኞቹ ባንኮች ግን ቺፑን ተቀብለው በክሬዲት ካርድ ላይ ፊርማውን አቆዩ። እንዲህ ማድረግ የቻሉት የደንበኛው ዕዳ አስቀድሞ በሕግ ስለተወሰነ፣ የቀረው ትግል በባንክና በነጋዴ መካከል ስለነበረ ነው፤ ዎልማርት በ2016 ቪዛን የከሰሰው ደንበኞቹን የሚስጥር ቁጥር የማስገባት ጉዳይ ላይ ነበር። ኤፕሪል 2018 ላይ አራቱ ታላላቅ የካርድ ኩባንያዎች ፊርማ ግዴታ መሆኑን ሲያስቀሩ በገዢው መብት ላይ የተለወጠ ነገር የለም። በዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን ቢፈርምም ባይፈርምም የ1970ው ጣሪያ ያው 50 ዶላር ነው። ይህ ጥበቃ ከመሣሪያው ሳይሆን ከሕጉ የመጣ ነው።

በአገራችን አብዛኛው ሰው ካርድን በፊርማ የመገበያየት ዘመን አላየም። ከቁጠባ ደብተሩና በባንክ መስኮት ከሚመሳከረው ፊርማ በቀጥታ ወደ ኤቲኤም፣ ከሜይ 2021 ወዲህም ወደ ቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ገባ። ስለዚህ ጥያቄው ያለ መሸጋገሪያ ነው የደረሰን፤ በስልክ ተታልሎ ቁጥሩን የሰጠ ወይም ገንዘቡን በገዛ እጁ የላከ ሰው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለምን ሰጠህ?» የሚለው ነው። በብሪታንያም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ ግን በማታለል ገንዘቡን ራሱ የላከ ደንበኛ እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ እንዲመለስለት፣ ወጪውንም ገንዘቡን የላከው ባንክና የተቀበለው ባንክ እኩል እንዲካፈሉት ግዴታ ሆኗል። የአጭበርባሪውን ሒሳብ የከፈተው ባንክ የድርሻውን እንዲከፍል በሕግ ሲገደድ ይህ የመጀመሪያው ነው።