የፍሪጅ ሙቀት ሴንሰር ሲቆራረጥ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ነው። በረዶ ከሠራ በኋላ ቢቀልጥም እንኳ አይወሰድም። ስለዚህ በቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለና ልጆቻችሁ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር መነካካት ከወደዱ፣ ፍሪጁን የምትጠብቅ ማንቂያ መሥራት ጥሩ ሥራ ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው፣ ጫፉ ውኃ የማያስገባው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ራሱ እምብዛም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሽቦው ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። 85 ዲግሪ ካሳየ ፍሪጁ አልተቃጠለም። 85 ሴንሰሩ ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ በውስጡ የሚይዘው ቁጥር ነው። አንድ ልኬት እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል፤ በመሀል ኃይሉ ለቅጽበት ከተቋረጠ ወደ 85 ይመለሳል። እንግዲህ የኃይሉን ሽቦዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩንና ጥቁሩን፣ ፈትሹ። በአርዱዊኖ የምትሠሩ ደግሞ -127 ካያችሁ ሴንሰሩ ጨርሶ አልተገኘም ማለት ነው።

ቀጥሎ ሪዚስተሩ። በመረጃው ሽቦ (በብዛት ቢጫ) እና በ3.3 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሪዚስተር መኖር አለበት፤ ቀለሞቹ ቢጫ፣ ወይን ጠጅና ቀይ ናቸው። እሱ ከሌለ ሴንሰሩ ወይ አይታይም ወይ ብቅ ጥልቅ ይላል። ከ5 ቮልት ጋር ግን አታገናኙት፤ የራስበሪ ፓይ የመረጃ ፒኖች ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከተቆራረጠ ወደ ፍሪጁ በር ሂዱ። ሽቦው በበሩ ላስቲክ በኩል ስለሚያልፍ በየቀኑ ይታጠፋል። ላዩ ፕላስቲክ ደህና መስሎ ውስጡ መዳቡ ይበጠሳል። ቁጥሩን እያያችሁ በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ሽቦውንም ጣት በጣት ወዲያና ወዲህ አጥፉት። ቁጥሩ የጠፋበት ቦታ የተበጠሰበት ነው። ሌላው ተጠርጣሪ ሽቦ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳው የመሞከሪያ ሰሌዳ ነው። ለሙከራ ይሁን እንጂ ለዓመት አይሆንም፤ በሀዳር ደግሞ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት አለ። ሥራው ካለቀ ሽቦዎቹን በይዷቸው።

ከ85ቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ንባብ ሲያጣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። ሽቦው ማታ ተበጥሶ፣ ፍሪጁም ሞቆ፣ ስክሪኑ እስከ ጠዋት 5 ዲግሪ ይላል። ይህን ለማወቅ ሆን ብላችሁ ቢጫውን ሽቦ ንቀሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማንቂያው ካልጮኸ ፕሮግራሙ ገና ነው። በራስበሪ ፓይ የሴንሰሩ ፋይል ሁለት መስመር አለው፤ የመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ «ዬስ» ካለ ንባቡ ትክክል ደርሷል፣ «ኖ» ካለ ቁጥሩን ጣሉት። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሰዓቱም ይጻፍ።

ተራ ቴርሞሜትርም ፍሪጁ ውስጥ ይኑር። ቅዝቃዜው ከልኩ ወጥቶ እንደቆየ ከጠረጠራችሁ ኢንሱሊኑን ከመጠቀማችሁ በፊት የኩፓት ሆሊማችሁን ፋርማሲስት ጠይቁ።