የሕፃናት ብሮንኪዮላይቲስ ሕክምናና መመሪያዎቹ በኮልፌ ቀራኒዮ

ብሮንኪዮላይቲስ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚይዝ፣ የሳንባን ጥቃቅን የአየር ቧንቧዎች የሚያሳብጥ የቫይረስ ሕመም ነው። ዋነኛው መንሥኤ አር.ኤስ.ቪ. የሚባለው ቫይረስ ነው። ሕመሙ ተራ ጉንፋን መስሎ ይጀምርና በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሳል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስና ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይከተላሉ፤ ሕፃኑ ጡት መጥባት ያቅተዋል። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ይጠናል፤ ከዚያ እየቀለለ ቢሄድም ሳሉ እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች ባሉ የዓለም ሕፃናት ላይ ቫይረሱ 33 ሚሊዮን ያህል የሳንባ ሕመም እንዳስከተለና ከ100,000 በላይ ሕፃናትን እንደገደለ ተገምቷል። ከሟቾቹ ከመቶ 97ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

ለታመመው ሕፃን ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት በተግባር የለም። በአስም የቧንቧው ጡንቻ ስለሚኮማተር ቬንቶሊን የተባለው መድኃኒት እያላላ ያስተነፍሳል። በብሮንኪዮላይቲስ ግን ቧንቧውን የሚዘጋው እብጠት፣ አክታና የሞቱ ሴሎች ናቸው፤ ስለዚህ ቬንቶሊን አብዛኞቹን ሕፃናት አይረዳም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ቬንቶሊንን ሞክሮ ማየት ይቻላል ብሎ ነበር፤ በ2014 ግን ይህንንም አንሥቶ ቬንቶሊን፣ ስቴሮይድና የደረት ማሸት እንዳይሰጡ፣ የባክቴሪያ ሕመም ከሌለ አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ፣ ራጅም በዘልማድ እንዳይነሣ መከረ። የእንግሊዙ ናይስ የተባለ ተቋም በ2015 ያወጣው መመሪያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለሐኪሙ የሚቀረው ኦክስጅን፣ ፈሳሽና ምግብ፣ በንፍጥ የተዘጋ አፍንጫን ማጽዳት፣ እንዲሁም በቅርብ መከታተል ነው።

መመሪያዎቹ ከወጡ በኋላም በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሳይቀር ራጁ፣ ቬንቶሊኑና አንቲባዮቲኩ እንዳልቀሩ ተደጋጋሚ ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም፤ ትንፋሽ ያጠረውን ልጇን ታቅፋ የመጣችን እናት «መድኃኒት አያስፈልገውም» ብሎ መሸኘት ከባድ ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤናና ቤተል፣ የታመመ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ነው። የባሰበት ዘነበወርቅ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ወይም ወደ አጎራባቹ ጉለሌ፣ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይላካል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ቢሆንም ዛሬ ሕፃናትንም የሚያክም ትልቅ ሆስፒታል ነው።

በጤና ጣቢያ የሚሠራበት መመሪያ ከአሜሪካው ይለያል። ኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምትከተለው የተቀናጀ የሕፃናት ሕመሞች ሕክምና ነው። ባለሙያዋ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ጸጥ እስኪል ትጠብቃለች፤ ልብሱን ወደ ላይ ገልጣ፣ ሰዓት ይዛ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባ ምች ተብሎ ይመደብና የ5 ቀን አሞክሲሲሊን ይታዘዛል። ራጅም ላብራቶሪም አይጠየቅም። የመመሪያው ምንጭ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ሲር ሲር ለሚል ሕፃን አስቀድሞ ቬንቶሊን እስከ 3 ጊዜ ተሰጥቶ ትንፋሹ እንደገና እንዲቆጠር ያዛል። ብሮንኪዮላይቲስ ለቬንቶሊን ስለማይበገር ቆጠራው ብዙም አይቀንስም፤ ሕፃኑም አሞክሲሲሊኑን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ በኮልፌ ጤና ጣቢያ የታዘዘ አሞክሲሲሊን በአሜሪካው መለኪያ ስሕተት ቢመስልም ባለሙያዋ አገሯ የሰጠቻትን መመሪያ በትክክል ፈጽማለች። መመሪያው የተነደፈው የባክቴሪያ ሳንባ ምች በብዛት ለሚገድልበት፣ ሐኪምና መሣሪያ ለማይገኝበት ቦታ ነው። በፓኪስታኗ ካራቺ ድሃ መንደሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት፣ ቶሎ ቶሎ ከመተንፈስ በቀር ሌላ ከባድ ምልክት ካልነበራቸው ሕፃናት መካከል ሕክምናው ያልሠራላቸው በአሞክሲሲሊን ከመቶ 2.6፣ በባዶ መድኃኒት ከመቶ 4.9 ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው። በኢትዮጵያ የሂብ ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ከተጀመሩ ወዲህ ግን ቶሎ ቶሎ ከሚተነፍሱ ሕፃናት የባክቴሪያ ሳንባ ምች ያለባቸው ድርሻ መቀነሱ ይጠበቃል፤ የአሞክሲሲሊኑ ጥያቄ እንደገና ሊታይ ይገባል።

ያለ በቂ ምክንያት የሚታዘዙት ሌሎች ናቸው፤ በመርፌ የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ለውጥ ሳያመጣ በየሰዓቱ የሚደጋገም ኔቡላይዘር፣ የሳል ሲሮፕ። እነዚህን ለቀላል ብሮንኪዮላይቲስ የሚደግፍ መመሪያ የለም። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ መገዛቱ ደግሞ ችግሩን ያባብሳል።

ከተትረፈረፈው መድኃኒት ይልቅ የሚያሳስበው የጎደለው ልኬት ነው። ፐልስ ኦክሲሜትር የምትባለው ትንሽ መሣሪያ በሕፃኑ አውራ የእግር ጣት ላይ ተደርጋ የደሙን ኦክስጅን ታሳያለች፤ በጆሮና በዓይን ብቻ ይህን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ ከ90 በመቶ ሲያንስ ኦክስጅን እንዲሰጥ ያዛል፤ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ደግሞ መነሻውን 87 በመቶ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደጋማው አየር ስስ ስለሆነ ጤናማው የኮልፌ ሕፃን እንኳ ከባሕር ዳርቻው ሕፃን ያነሰ መጠባበቂያ ኦክስጅን አለው፤ ሲታመም ቶሎ ይወርድበታል። በቤት ውስጥ የሚነደው ከሰልና ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ የሚነሣው ጭስ ደግሞ የታመመ ሳንባን ይፈታተናሉ።

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ኦክስጅንና ፐልስ ኦክሲሜትርን በየጤና ተቋሙ ለማዳረስ ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2024 የታተመ ጥናትም ኦክስጅናቸው ዝቅ ላለ በጽኑ ሳንባ ምች የታመሙ ሕፃናት በአረፋ ግፊት አየር የሚሰጠው ባብል ሲፓፕ ከተለመደው ኦክስጅን የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በመከላከሉ በኩል ኒርሴቪማብ የተባለ መርፌና ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጥ የአር.ኤስ.ቪ. ክትባት በሀብታም አገሮች ሥራ ላይ ውለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሁሉም አገሮች ከሁለቱ አንዱን ወይም ሁለቱንም እንዲጠቀሙ መክሯል።

ወላጆች ሆይ፣ የሕፃኑ ትንፋሽ ሲቆራረጥ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ጡት እምቢ ሲል ወይም አልነቃ ሲል ሌሊትም ቢሆን ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ከ2 ወር በታች ከሆነ ትንሹንም ምልክት አትናቁ።