ሸክላ ሠሪዋና የሐኪም ትምህርት ቤቱ

ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን ላይ ከሒሳቡ ይልቅ ረጅም ጊዜ የወሰደብን ሌላ ጉዳይ ነበር። ሸክላ የምትሠራ አንዲት እህታችን ልጇ ትኩሳት ይዞት ወደ አንድ ጤና ተቋም ወስዳዋለች። ካርድ ስታወጣ አድራሻዋንና ሥራዋን ተጠየቀች። «ወለቃ፤ ሸክላ እሠራለሁ» አለች። አጠገቧ ለልምምድ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ቆመው ነበር። ተያይተው ሳቅ አሉ፤ አንደኛው ለጓደኛው «ቡዳ እንዳትበላህ» ሲለው ሰማች። ልጁ ታክሞ ድኗል፤ የተሰጠው መድኃኒትም ትክክለኛው ነበር። እሷ ግን «ከእንግዲህ ሥራሽ ምንድን ነው ካሉኝ የቤት እመቤት ነኝ ነው የምለው» ብላ ቁርጧን ነገረችን።

አንዳንዶቻችን «የልጅ ቀልድ ነው፣ እለፊው» አልን። ሌሎቻችን ግን ነገሩ አልዋጥልን አለ። «የቤት እመቤት ነኝ» ብላ ካርድ ያወጣች ሸክላ ሠሪ ሳል ሲይዛት፣ ሐኪሙ የመተኮሻውን ጭስ በምን ያውቃል? ወገቧን ሲያማት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ጭቃ ስታቦካ፣ አፈርና ማገዶ ስትሸከም እንደምትውል ማን ይነግረዋል? ካርድ ክፍል ላይ የተሰማ ስድብ ምርመራ ክፍል ድረስ ይከተላል። ስለዚህ ቃሉ ከየት እንደመጣና ከሕክምና ትምህርት ጋር ምን እንደሚያገናኘው በዚህ እትም ለመጻፍ ተስማማን።

መንደራችን ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። እንግዶች የሚያውቋት «የፈላሻ መንደር» በሚል ስም ነው። ቤተ እስራኤሎች ይህን ስም አይወዱትም፤ መጤ፣ አገር የሌለው የሚል ስሜት አለበት። የርስት ክልከላው በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከነገሡት ከዐፄ ይስሐቅ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ይባላል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ያድራል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ጎንደር መናገሻ ስትሆንም በግንቡና በአናጢነቱ ሥራ ገቡበት። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን፣ ሚስቱ ምጣዷንና ድስቷን የምትገዛው ከእነሱ ነበር። ያው ገበሬ ግን ቀን የገዛውን ዕቃ ተሸክሞ ቤቱ ገብቶ፣ ሲመሽ ሻጩ ጅብ ይሆናል ብሎ ይፈራል። ቋንቋችንም ይህን ያሳብቃል። «ጠቢብ» ዐዋቂ ማለት ነው፤ «ጠይብ» ሲሆን ስድብ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ሠራተኛን የሰደበ እሳቸውን እንደሰደበ እንደሚቆጠር አስታውቀው ቅጣት ወሰኑበት። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንለፍ። ቤተ እስራኤሎችም በበኩላቸው የመንጻት ሥርዓት ነበራቸው። ከሌላ ሰው ጋር የተነካካ ውኃ ወርዶ ይታጠባል፤ ሴት በወር አበባዋና በወሊዷ ጊዜ የመርገም ጎጆ ገብታ ለብቻዋ ትቆያለች። በዚህ የተነሳ ጎረቤት «አትንኩኝ» ይላቸው ነበር። ይህን ስንል ሁለቱ ወገኖች እኩል በደሉ ማለታችን አይደለም፤ ርስት የከለከለና ርስት የተከለከለ እኩል አይሆኑም። ግን እንዲህ ወዳለ ቤት ለማዋለድ የምትሄድ ነርስ ማን ማንን መቼ እንደሚነካ አስቀድማ ማወቅ ያስፈልጋታል። ይህም እንደ መርፌ አወጋግ ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበር። ሐኪም በጣት የሚቆጠርበት ዘመን ስለነበር ትምህርት ቤቱ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር እንዲልክ ታሰበ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረዱት። በደርግ ዘመን የሐኪሞች ማሠልጠኛ ታከለበት፤ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ተመራቂ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ የመላክ ልማዱም «ቲም ትሬኒንግ» እየተባለ እስከ ዛሬ አለ። እኛ ወለቃዎች ይህን ትምህርት ቤት የምንወደው ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው የተከፈተው እንደ እኛ ላለው መንደር ነው።

አሁን ወባንና ቡዳን ጎን ለጎን እንያቸው። ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ ደኅና የነበረ ሰው በድንገት ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል፣ ሰው አይለይም። ቡዳ በላው የሚባለውስ? እሱም በድንገት ይወድቃል፣ ይለፈልፋል። ጢስ ያጥኑታል፤ ጤናዳምና ነጭ ሽንኩርት ያሸቱታል፤ «ማነህ? ከየት ነው የበላኸው?» እያሉ ስም እስኪጠራ ያስለፈልፉታል። በትኩሳት የሚቃትት ልጅ አንድ ስም ካወጣ፣ ያ ስም ብዙ ጊዜ የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ስም ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነዋ! በዚህ መሀል ሁለት ሰው ይጎዳል። ልጁ መድኃኒት የሚያገኝበት ሰዓት ያልፍበታል፤ ስሟ የተጠራው ሴት ደግሞ በማታውቀው ወንጀል ትፈረድበታለች።

የወባን ተውሳክ በማይክሮስኮፕ ያየ ተማሪ በሽታው ከየት እንደሚመጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ማወቁ ግን ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቃል አያስጥለውም። ይህ የኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 222 ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ስለ ጥቁር ሰው አካል ተጠይቀው ነበር። ግማሽ ያህሉ እንደ «የጥቁር ሰው ቆዳ ከነጭ ይወፍራል» ካሉት የተሳሳቱ አባባሎች ቢያንስ አንዱን እውነት ነው አሉ። እንዲህ ያመኑት ደግሞ የጥቁሩን በሽተኛ ሕመም አሳንሰው ገመቱ፤ ያዘዙለት ማስታገሻም ትክክለኛ አልነበረም። እነዚህ የሰውነት ክፍሎችን አንድ በአንድ የተማሩ ልጆች ናቸው። ጅብ ይሆናሉ ከሚለው ወሬ ጋር ሲተያይ፣ ስለ ሌላው ሰው ገላ የሚነገር ተረት መሆኑ አንድ ነው።

ከወለቃ የሄዱት ዘመዶቻችንስ? ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በተጓጓዘበት ዘመቻ ሄዱ። እስራኤል ሲደርሱ ቡዳ የሚላቸው አልነበረም። ጥር 1988 ዓ.ም. ላይ ግን ማአሪቭ የተባለው ጋዜጣ አንድ ምሥጢር አወጣ፤ የአገሪቱ የደም ባንክ ከኢትዮጵያውያን ደም እየተቀበለ ሳይነግራቸው ይደፋ ነበር። የተሰጠው ምክንያት የኤችአይቪ ስጋት ነው። ሆኖም ደም አንድ በአንድ መመርመር ይችላል፤ የተደፋው በምርመራ ውጤት ሳይሆን ሰጪው ከየት መጣ በሚል ነበር። እኛ የሒሳብ ሰዎች ነንና እንዲህ እናየዋለን፤ ገቢ ተቀብሎ ደረሰኝ ቆርጦ ገንዘቡን ከጓሮ መጣል ነው። ጥር 19 ቀን 10,000 ያህል ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥቶ ጮኸ፤ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ እኛ አካባቢ ውዛባ የተወለደችው የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ-ሻታ፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ደም ልትሰጥ ብትቀርብ እንደ ሌላው ሰው አልተቀበሏትም። ኋላ ሚኒስትር ሆናለች። እዚህ ሰው ትበላለች የተባለች ሴት ልጅ፣ እዚያ ደሟ አይፈለግም ተባለች።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ወለቃ ላይ ጭቃውን የሚያቦኩት በአብዛኛው ሌሎች ሴቶች ናቸው። ብዙዎቻችን ከቤተ እስራኤል አልተወለድንም። ስድቡ ግን ሰዎቹን ተከትሎ አልሄደም፤ ከሸክላው ጋር እኛ ዘንድ ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመካከላችንም ልጇ ሲታመም ጎረቤቷን በዓይኗ የምትጠረጥር አትጠፋም።

ለንደን ውስጥ ማሎን ሙክዌንዴ የሚባል፣ ዚምባብዌ የተወለደ የሕክምና ተማሪ፣ የሕመም ምልክቶች በጥቁር ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ አለመማሩ ቢያሳስበው ከመምህራኑ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ መመሪያ መጽሐፍ አወጣ። ተማሪ ሆኖ ነው ይህን የሠራው። ከዚህ ተነስተን እኛም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለቲም ትሬኒንግ የሚመጡ ተማሪዎች አንድ ጠዋት ወለቃ መጥተው ሸክላ ሲቦካ፣ ሲደርቅና ሲተኮስ ይዩ፤ ጭሱንም ይሽተቱት። መምህራኖቻቸው ተማሪ መድኃኒት ቢሳሳት እንደሚያርሙት «ቡዳ» ሲልም እዚያው ይረሙት። ለጋሾቻችን ደግሞ የሸክላ ሠሪ ሴት ልጆች የጥናት ወጪ በበጀታችን ውስጥ ለብቻው እንዲያዝ ብንጠይቅ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ ካርድ ክፍል የምትቆም አንዲት የወለቃ ልጅ እናያለን ብለን ነው።

ያቺን እህታችንን ተማሪዎቹ ቢመጡ ታነጋግሪያቸዋለሽ ወይ ብለን ጠየቅናት። ቆማ ንግግር እንደማታደርግ ነገረችን። ጭቃ እያቦካች ከሆነ ግን እሺ፤ እነሱም እጃቸውን ሰብስበው አብረዋት ያቦኩ እንደሆነ።