አጣጪ የሌለው ሱስ

ጫግኒ ውስጥ «የቡና ሱሴ ተነሣ» ያለች እናት ብቻዋን አትጠጣም። ቡናው ሲቆላ «ሂድ፣ እነ እትዬን ቡና ጠጡ በልልኝ» ብላ ልጇን ትልካለች። በረካው እስኪወርድ ወሬ አያልቅም፤ ምርቃቱም «ቡና አጣጪ አያሳጣሽ» ነው።

«አጣጪ» የሚገርም ቃል ነው። «ጠጣ» አንድ ሰው ይበቃዋል። ከፊቱ «አ» ሲገባና «ጠ» ወደ «ጣ» ሲለወጥ ግን «አጣጣ» ይሆናል፤ አብሮ ጠጣ፣ በመጠጣት ጓደኛ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው ግሱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ሱስ እንደ ጉንፋን «ይይዛል»፣ እንደ ሕመም «ይነሣል»። የያዘው ሰው ግን ወዲያው «ሱሰኛ» ይባላል። ይህ «-ኛ» ሰውን ከነገሩ ጋር የሚሰፋ መርፌ ነው። በ1932 ዓ.ም. በተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበራቸው በሚኮሩት በጫግኒ አካባቢ አዊዎች ዘንድ ፈረሰኛ መባል ክብር ነው፤ ሱሰኛ መባል ግን ከቡናው ጥሪ ያስቀራል። ያኔ ሌላ «-ኛ» ይከተላል፦ ብቸኛ። የግእዙ «ባሕቲቱ» ብቻውን ማለት ነው፤ የዚሁ ዘር የሆነው ባሕታዊ ግን ብቸኝነቱን ፈልጎት የመነነ ነው። ብቸኛውን ማን ጠየቀው?

ሞርፊን፣ ሄሮይን፣ ትራማዶል በእኛ «አደንዛዥ ዕፅ» ናቸው። ዕፅ በግእዝ ዛፍ ነው፤ ትራማዶል ግን በቤተ ሙከራ የተሠራ ክኒን ነው፣ ከዛፍ ጋር አይተዋወቅም። «አደንዛዥ» ግን ልክ ነው። ስለቱ የሞተ ቢላ ደነዘ ይባላል። እዚህስ የሚደነዝዘው ምንድን ነው? የአካል ሕመም ብቻ አይደለም። ያክ ፓንክሴፕ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከእናታቸው የተለዩ ቡችሎችን ጥቂት ሞርፊን ሲሰጣቸው ለቅሷቸው ቀነሰ። አንጎል ራሱ የሚያመነጨው ኢንዶርፊን ስሙ «የውስጥ ሞርፊን» ማለት ነው፤ ከወዳጅ ጋር መሆን ደስ ከሚያሰኝባቸው ምክንያቶች አንዱም እሱ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ክኒኑ በአጣጪው ቦታ ይቀመጣል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቡና የሞርፊን ሱስን አይፈውስም፤ ያለ ሐኪም «ተወው» ማለትም ማሠቃየት ነው። ነገር ግን ሕክምናው ራሱ ሰው ይፈልጋል። ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ የቆመበትን የሚያነቃው ናሎክሶን በአፍንጫ ይረጫል ወይም በመርፌ ይሰጣል፤ ራሱን የሳተ ለራሱ ሊሰጠው አይችልም። በሩን ዘግቶ የሚወስድ ሰው ቶሎ የሚሞተው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሚያክመው ሰው «ስንት ወሰድክ?» ካለ በኋላ «ስትወስድ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በብዙ አገር የሄሮይን ሱስ የሚታከምበት ሜታዶን ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ነው፤ ታካሚው በተለይ በሕክምናው መጀመሪያ በየቀኑ ክሊኒክ ሄዶ ነርሷ እያየችው ይጠጣዋል።