ከማኅደር የወጣው ረሃብ

በቻይና የመንግሥት ዜና አገልግሎት በሺንዋ የሚሠራ ዘጋቢ ከአንድ የሥራ ጉዞ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ይመለስ ነበር፤ አንዱ ታትሞ ሕዝብ የሚያነበው ዜና ሲሆን፣ ሌላው «ኔይሳን» የሚባለው፣ ይኸውም ለሹማምንት ብቻ በምስጢር የሚሠራጨው የውስጥ ዘገባ ነው። በጋዜጣ የማይወጣው የሹም በደልና የሕዝብ እሮሮ ወደ ላይ የሚደርሰው በዚህ በሁለተኛው መንገድ በመሆኑ፣ መንግሥቱ ከሕዝብ የሰወረውን ለራሱ ጽፎ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው። አንጋፋው ጋዜጠኛ ያንግ ጂሸንግ ከ1960ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2001 ድረስ በዚህ ተቋም የሠሩ ሲሆን፣ የታላቁን ረሃብ ታሪክ ለመጻፍ ያበቃቸውም ይህንኑ ልማድ ከውስጥ ማወቃቸው ነው።

ያንግ በ1940 በሁቤይ ክፍለ ሀገር፣ በሺሹዊ ወረዳ ተወለዱ። በ1959 ገና ተማሪ ሳሉ አሳዳጊ አባታቸው በረሃብ ሊሞቱ መቃረባቸውን ሰምተው፣ አንድ ኪሎ ተኩል ሩዝ ይዘው ወደ መንደራቸው ገሠገሡ። በቤቱ ደጃፍ የነበረው ዛፍ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ሥሩም ተቆፍሮ ነበር፤ አሳዳጊ አባታቸውም ሩዙን መዋጥ ተስኗቸው በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ልጃቸው ይህን ሞት የቤተሰቡ የግል መከራ አድርገው ከመቀበል ያለፈ ጥያቄ ስላልነበራቸው፣ መንግሥትን ማወደሳቸውን አልተዉም፤ በ1964ም የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኑ።

ረሃቡን ያመጣው በ1958 ማኦ ሴቱንግ ያወጁት «ታላቁ እመርታ» ነው። ገበሬው ኮምዩን በሚባል የጋራ ማኅበር ተጠቃልሎ፣ የቤቱን ድስትና ምድጃ ሳይቀር አስረክቦ ከጋራ ማእድ ቤት እንዲበላ ተደረገ፤ ስለዚህ የምግቡ ማንኪያ በእጁ የነበረ ሹም የሰውን ነፍስም በእጁ ያዘ። የበታች ሹማምንት አለቆቻቸውን ለማስደሰት ያልታጨደ ምርት ጨምረው ሲያስመዘግቡ፣ መንግሥት በዚያው በተጋነነ ቁጥር ልክ የግዥ ኮታ ጣለ፤ ገበሬው ኮታውን ሳያሟላ ሲቀር እህል ደብቋል ተብሎ ይደበደብ ነበር። በሄናን ክፍለ ሀገር በሺንያንግ አውራጃ፣ 8 ሚሊዮን ከሚሆነው ነዋሪ 1 ሚሊዮን ገደማው ሲያልቅ የመንግሥት ጎተራዎች እህል ነበራቸው፤ ለዘመድ የተጻፈ የድረሱልን ደብዳቤም በፖስታ ቤት ይያዝ ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበው ይህ የደብዳቤው መታገድ ነው፤ እህል ከተወሰደበት ሰው ላይ የመጮህ ዕድልም ተወስዷልና።

በ1989 ሰኔ በቤይጂንግ የተቃዋሚዎች ደም መፍሰሱ የያንግን እምነት ክፉኛ ናጠው፤ በ1990ዎቹም የመንግሥትን የእህል ፖሊሲ ታሪክ የሚያጠኑ መስለው ከዐሥር በላይ በሆኑ ክፍላተ ሀገር ማኅደሮችን መፈተሽ ጀመሩ። የሺንዋ መታወቂያቸውና በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ባልደረቦቻቸው በር ከፈቱላቸው። ያገኙት ሹማምንቱ ራሳቸው ለአለቆቻቸው የጻፉትን የሟቾች ቆጠራ፣ የምርመራ ሪፖርት፣ የሰው ሥጋ መበላቱን ሳይቀር የሚያረጋግጥ ሰነድ ነበር። ሥራው በ2008 «የመቃብር ድንጋይ» በሚል ርእስ በሁለት ቅጽ በሆንግ ኮንግ ሲታተም፣ በዋናው ምድር ቻይና ግን ታገደ።

ያንግ የሟቾቹን ቁጥር 36 ሚሊዮን አድርሰውታል፤ ሌሎች አጥኚዎች ከዚህ ዝቅ ወይም ከፍ የሚል ግምት ስላላቸው ክርክሩ አልተቋጨም። የመጽሐፉ ብርታት ግን ከድምሩ ይልቅ እያንዳንዱን ወረዳ በገዛ ሰነዱ ማናገሩ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ «ያንኋንግ ቹንቺዩ» በተባለው የታሪክ መጽሔት በአዘጋጅነት ሠርተው በ2015 ለቀቁ፤ በ2016 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰጣቸውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ለመቀበል እንዳይጓዙም ተከለከሉ። በዚያው ዓመት የባህል አብዮቱን ታሪክ በሆንግ ኮንግ አሳተሙ። እሳቸው ሰነድ በገለበጡባቸው ዓመታት ተመራማሪ ይገባባቸው ከነበሩት ማኅደሮች ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ በራቸውን እያጠበቡ መጥተዋል።